ሙጫና ማር

የክሊኒኩ ድሬሰር መኮንን እርሳሱን ውሃ አስነክቶ በሙሚና ግራ እግር ላይ፣ ከጣቶቿ ሥር ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ ዙሪያውን አንድ መስመር አሰመረ። እርሳሱ ሲረጥብ ሐምራዊ የሚጽፍ ነበረ። ከመስመሩ በታች ትንሿ ጣት እንደ ከሰል ጠቁራለች፤ ከአጠገቧ ያለችውም በጥፍሯ ዙሪያ መጥቆር ጀምራለች። ሙሚና እርሳሱ በእግሯ ላይ ሲያልፍ በዓይኗ አየችው እንጂ አልተሰማትም። ነገሩ የተጀመረውም እንዲሁ ነው፤ ከጓሮ የወጋት የግራር እሾህ ከእግሯ ተሰክቶ ሦስት ቀን ሲውል ሲያድር አላወቀችውም ነበር።

ድሬሰሩ ቀና ብሎ ባሏን ዓሊዩን ተመለከተው። መኮንን ዕድሜው ከሠላሳ ያልዘለለ፣ ቃሉን የሚቆጥብ ሰው ነበረ።

«አባባ ዓሊዩ፣ ይህን መስመር እርስዎ ይጠብቁልኝ» አለው። «ጥቁረቱ ከዚህ በታች እስካለ ድረስ እያጠብንና እየጠረግን እንታገለዋለን። መስመሩን ካለፈ ግን ድሬዳዋ ወስዶ እግሩን ከማስቆረጥ በቀር ሌላ መንገድ የለም።»

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ አምሳ አምስት፣ ወሩ ታኅሣሥ፣ አገሩም አሰበ ተፈሪ ነበረ። በዚያው ቀን ድሬሰሩ የሙሚናን ሽንት በመስተዋት ቱቦ ውስጥ ከሰማያዊ ፈሳሽ ጋር ቀላቅሎ በአልኮል እሳት ላይ አፈላው። ሰማያዊው አረንጓዴ፣ አረንጓዴው ቢጫ፣ ቢጫውም እንደ ጡብ የቀላ አተላ ሆኖ ሲረጋ ባልና ሚስቱ ቆመው አዩ። በሽታው የስኳር በሽታ መሆኑን፣ ቀለሙ ወደ ሰማያዊው እስካልተመለሰ ድረስ ቁስሉ እንደማይድን መኮንን አስረዳቸው። ክኒን ከድሬዳዋ በባቡር እንደሚያስመጣላቸው ተናገረ፤ ክኒኑ አንዳንድ ጊዜ እንደሚዘገይም አልደበቀም። በመጨረሻም ስኳርም ማርም ቴምርም በአፏ እንዳይዞር አጥብቆ አዘዘ።

ከክሊኒኩ ግቢ ሲወጡ ሙሚና ከአጥሩ ተደግፋ ቆመች።

«አባ ኩብራ፣ እኔ እግሬን አላስቆርጥም» አለችው። ሴት ልጃቸው ኩብራ መሰላ ተድራ ነበረና ባሏን የምትጠራው በልጃቸው ስም ነው። «መሰላ ሄጄ ልጄን የማያት በማን እግር ነው? ለሶላት የምቆመው በማን እግር ነው? ማልልኝ።»

ዓሊዩም እግርሽን ምላጭ አይነካውም ብሎ በአላህ ስም ማለላት። መሐላ ከአፍ ሲወጣ ቀላል ነው፤ ውሎ አድሮ ግን የማለውን ሰው እንደ በቅሎ ይጋልበዋል።

ዓሊዩ ከከተማው ጥግ፣ ወደ መሰላ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጥቂት የጫትና የማሽላ መሬት ነበረው። ስሙ የሚነሣው ግን በንቡ ነው። ከጥዱና ከዋንዛው ላይ አሥራ አራት ቀፎ ሰቅሎ ነበር፤ የዓሊዩ ማር ነው ከተባለም የጠጅ ቤት ሴቶች ሳይቀምሱ ይገዙት ነበር። የንብን ነገር ያስተማረው አባቱ ነው። አባቱም ካስተማረው ሁሉ አጥብቆ ያስጠነቀቀው፣ ማሩን ስትቆርጥ ሙጫውን አትንካ ብሎ ነበር። ሙጫ ማለት ንቦቹ ከዛፍ ቁስል ለቅመው የሚያመጡት፣ በብርድ እንደ ድንጋይ የሚደርቅ፣ በፀሐይ እንደ ሰም የሚለሰልስ ጥቁር ነገር ነው። የቀፎውን ስንጥቅ የሚደፍኑት፣ መግቢያውን አጥብበው ነፋሱንና ጉንዳኑን የሚመክቱት በእሱ ነው።

«ማሩ ጎተራቸው ነው፤ ሙጫው ግድግዳቸው ነው» ይል ነበር አባቱ። «ጎተራውን የወሰድክበት ይታገሥሃል። ግድግዳውን ያፈረስክበት ግን ጥሎህ ይሄዳል።»

ይህን ቃል ዓሊዩ አርባ ዓመት ሙሉ ጠብቆታል። ያፈረሰው በዚያ ዓመት ነው፤ ምክንያቱም አቶ ዓባይ ናቸው።

አቶ ዓባይ ሚኤሶ ላይ የባቡር ሐዲድ ጠባቂ ሆነው ሠርተው፣ በጡረታ አሰበ ተፈሪ የገቡ፣ ወፍራምና ተጫዋች ሽማግሌ ነበሩ። በየዓመቱ ለጠጃቸው የሚሆን ማር ከዓሊዩ ይወስዳሉ። የሙሚናን ሕመም ሰምተው ሊጠይቁ የመጡ ቀን እግሯን አይተው ዓሊዩን ወደ ደጅ ይዘውት ወጡና በምርኩዛቸው ወደ ጥዱ ጠቆሙ።

«አንተ ሰው፣ ምን ጉድ ነህ? መድኃኒቱን ደጃፍህ ላይ ሰቅለህ የሐኪም ደጅ ትጠናለህ?»

ዓሊዩ ቀልድ መስሎት ነበር። አቶ ዓባይ ግን በዚያ ቀን አልቀለዱም። እርሳቸውም ይኸው በሽታ እንዳለባቸው፣ ባለፈው ዓመት ሁዳዴ ሲገባ ሽንታቸው ጡብ መስሎ እንደነበረ ነገሩት። ሚኤሶ ሳሉ የሚያውቁት አንድ ግሪክ ባለሱቅ፣ በአገሩ ሰዎች የንብ ሙጫ ለብዙ ሕመም እንደሚጠጡ ያጫውታቸው ነበረና፣ እርሱ ትዝ ብሏቸው ሙጫ ፈልገው ዘጠኝ ቀን በአረቄ ዘፈዘፉት። ንስሐ አባታቸውን አስፈቅደው በየቀኑ ጾም በሚፈቱበት ሰዓት አንድ አንድ መለኪያ ጠጡ። ለፋሲካ ሲመረመሩ ቀለሙ ሰማይ መስሎ ወጣ። ይህን ሲናገሩ ውሸት የለባቸውም፤ ያዩትን ነው የሚናገሩት።

አረቄ የሚለው ቃል ሲነሣ ዓሊዩ አንገቱን ደፋ። አቶ ዓባይም ሁኔታውን አይተው ራሳቸውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ።

«ልክ ነህ። ለእናንተ አረቄው አይሆንም» አሉት። «ለሙሚና እንዲህ ያለውን ነገር ከምሰጥስ እጄ ይሰበር። ሙጫው በውሃ አይሟሟም እንጂ ውሃ እልህ ነበር። በማር ለውሰው። ማር በእናንተም በእኛም ዘንድ መድኃኒት ነው።»

እንዲህ ያሉት እምነቱን አክብረው ነው፤ ክፋት አልነበረባቸውም። ዓሊዩም የድሬሰሩን ትእዛዝ አልረሳም፤ ነገር ግን በልቡ ሲያወጣ ሲያወርድ ዋለ። በዚያ አገር ፌጦውም ጥቁር አዝሙዱም የሚዋጠው በማር ተለውሶ ነው። መድኃኒት ያለ ማር፣ ሙሽራ ያለ ሚዜ ነው። አባቱም እናቱም መድኃኒት የሰጡት እንደዚያ ነበር። ድሬሰሩ የከለከለው የሚበላውን ማር ነው፤ መድኃኒት ተሸክሞ የሚገባው ማር እንደ ምግብ አይቆጠርም ሲል ራሱን አሳመነ። ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል።

በማግስቱ ጧት፣ ሙጫው በውርጭ ደርቆ ሳለ፣ ከአንደኛው ቀፎ ክዳን ሥር በቢላዋ ፈለፈለ። ጭብጥ የማይሞላ ነገር ነው የወጣው። በሙቀጫ ወቀጠው፤ ሽታው የጥድ ሙጫና የቆየ ጢስ ነበረ። በኅዳር ከቆረጠው ማር አንድ የእንጨት ማንኪያ ጨምሮ ለወሰና ለሙሚና አቀረበላት።

«ሐኪሙ ማር ከልክሎ የለም?» አለችው።

ለመለወሻ እንጂ ለምግብ አይደለም አላት። ሙሚና ጥቂት አየችውና አፏን ከፈተች።

ከዚያ በኋላ ረመዳን ገባ። ሕመምተኛ ባይጾም ኃጢአት እንደሌለበት ጎረቤቱ ሁሉ ቢመክራትም ሙሚና እምቢ ብላ ጾመች። መድኃኒቱንም በቀን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጎሕ ሳይቀድ በሱሑር ሰዓት ትውጥ ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት ክሊኒክ ሄዱ፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ቢጫ ሆነ። በአራተኛው ሳምንት አረንጓዴ ሆነ። ጥቁረቱ ከመስመሩ በታች እንደቆመ ነበር። መኮንን ቱቦውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ ሁለት ጊዜ አገላብጦ አየው፤ ክኒኑ እየሠራ ነው፣ በርቱ አላቸው። ዓሊዩ የሙጫውን ነገር ሊነግረው ፈልጎ ከአፉ ጫፍ መለሰው። ነግሮት ቢከለክለውስ? ክኒኑ በዚያ ወር ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ነበርና፣ የሠራው ሙጫው እንጂ ክኒኑ አይደለም ብሎ አምኗል።

የዒድ ዕለት አንድ ቅል ማር ለአቶ ዓባይ ወሰደላቸው። ሽማግሌው ተቀብለው እየሳቁ፣ ከእንግዲህ ሐኪም ዓሊዩ ብለን እንጥራህ አሉት። ዓሊዩ ከወራት በኋላ የሳቀው ያን ቀን ብቻ ነው።

ጾሙ ካለፈ በኋላ መድኃኒቱን በቀን ሦስት ጊዜ አደረገው። በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ከሠራ በሦስት ጊዜ ምን ያህል ይሠራል ብሎ ነው። ሙጫው መራራ ስለሆነ የበዛ ሙጫ የበዛ ማር ፈለገ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሙሚናን የቀድሞው ጥማት ያዛት፤ እንስራው ሲሞላ ሲጎድል ይውል ጀመር። ከጓሮ ሽንቷ የፈሰሰበት መሬት ላይ ጉንዳን ተሰለፈ። ክሊኒክ ሲሄዱ አተላው እንደገና ጡብ ሆኖ ረጋ።

መኮንን ምን እንደምትበላ ጠየቀ። የማሽላ እንጀራና ጎመን እንደሆነ ዓሊዩ መለሰ፤ እውነቱን ነው። መድኃኒቱን ግን ከምግብ አልቆጠረውም።

ወደ ቤት ሲመለስ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያስበው፤ ሙጫው አንሷል። በመጋቢት መጀመሪያ ቢላዋውን ይዞ በየዛፉ ወጣ። ከሁለተኛው ቀፎ፣ ከሦስተኛው፣ ከአምስተኛው ፋቀ። ክዳኑን ፋቀ፣ ስንጥቁን ፋቀ፣ በመጨረሻም ንቦቹ አጥብበው የሠሩትን መግቢያ እስከ እንጨቱ ድረስ ፋቀ። ንቦቹ በወይራ ጢስ ደንዝዘው እንኳ እጁን ነደፉት፤ ፊቱ አብጦ ዓይኑ እስኪጠፋ ድረስ አልተወም። በዚያው ሳምንት የበልጉ ዝናብ ወረደ። ነፋሱ በተከፈተው ስንጥቅ ገባ፤ ከነፋሱ ኋላ ጉንዳን ገባ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ የዋንዛው ቀፎ ንብ በአንድ ጊዜ ግልብጥ ብሎ ወጣና እንደ ጢስ ተጠቅልሎ ወደ ምዕራብ ሄደ። ዓሊዩ ከዛፉ ሥር ቆሞ በዓይኑ ሸኘው። በማግስቱ ሌላው ተከተለ። ሚያዝያ ሲጋመስ ከአሥራ አራቱ ቀፎዎች ንብ ያለባቸው ሦስት ብቻ ነበሩ።

የመስመሩም ነገር አለ።

ሙሚና ለሶላት በምትታጠብበት ጊዜ ሁሉ መስመሩ ይደበዝዛል። ቀን በቀን አምስት ጊዜ ውሃ የሚያልፍበት ቀለም አይቆይም። መኮንን ይህን አስቀድሞ ያውቅ ነበርና የእርሳሱን ቁራጭ ለዓሊዩ ሰጥቶት፣ ሲደበዝዝ በዚያው በስፍራው ይድገሙት ብሎት ነበር። ዓሊዩም ሦስት ወር ሙሉ፣ ሚስቱ ከሶላት ስትነሣ ከፊቷ ተንበርክኮ፣ የደበዘዘውን ተከትሎ በጥንቃቄ ይደግመው ነበር። በመጋቢት መጨረሻ ግን አንድ ቀን እርሳሱን አርሶ ሲጎነበስ፣ ጥቁረቱ መስመሩን ሲነካ አየ። ቁርጥ አድርጎ አየው፤ ጥርጣሬ የለውም። ከዚያ የቀድሞውን መስመር በእርጥብ ጨርቅ ጠረገና አዲሱን አንዲት የገብስ ቅንጣት ያህል ከፍ አድርጎ አሰመረው።

ሙሚና ነጠላዋን በእግሯ ላይ ጣል አደረገች።

በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ቅንጣት ጨመረ። በሚቀጥለው ሁለት፤ ከዚያ ወዲህ በየሁለት ቀኑ ይጨምር ጀመር። ዓሊዩ ውሸታም ሰው አልነበረም፤ በገበያም በዳኛም ፊት ቃሉ የሚታመን ሰው ነበረ። ነገር ግን ያ ሐምራዊ መስመር ከጥቁረቱ በላይ ሆኖ ሲያየው፣ እግሩ ገና እንዳልተፈረደበት፣ መሐላውም እንዳልፈረሰ ሆኖ ይታየው ነበር። ወደ ክሊኒክ መሄዱንም ምክንያት እየፈጠረ ያዘገየው ጀመር፤ አንድ ጊዜ ዝናቡን፣ አንድ ጊዜ ጎርፉን ምክንያት አደረገ።

በሚያዝያ መጨረሻ ሙሚና ትኩሳት ያዛትና አቶ ዓባይ ራሳቸው በቅሎ አምጥተው ክሊኒክ ወሰዷት። መኮንን ፋሻውን ፈታ። ሽታው ክፍሉን ሞላው። መስመሩ ቁርጭምጭሚቷ ሥር ደርሶ ነበር፤ ጥቁረቱም ከመስመሩ በታች ነው። ድሬሰሩ ብዙ አየው። ከዚያ ሁለት ጣቱን ከሙሚና ጣቶች ሥር ጀምሮ ጋደም አድርጎ ለካ። ሁለት ጣት። እንደገና ሁለት ጣት። አራት ጣት አልፎ መስመሩ ገና ነበር።

ቀና አላለም። «እኔ ያሰመርኩት እዚህ አልነበረም» አለ።

መኮንን ሽንቱን አፈላ፤ ቀለሙ ምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ዓሊዩ በዚያን ጊዜ፣ ከዚህ ወዲያ የሚደበቅ ነገር እንደሌለ አይቶ፣ ከጋቢው ሥር መድኃኒቱን የያዘበትን ቀንድ አወጣና ለድሬሰሩ ዘረጋለት። ሙጫው ኃይሉ አንሶ ከሆነ የሚያበረታው ነገር እንዲነግረው ለመነው። ድሬሰሩ አሸተተው፤ በትንሿ ጣቱ ጫፍ ነክቶ ቀመሰው።

«ይህ ማር ነው።»

«ማሩ ለመለወሻ ነው ሐኪም።»

«በቀን ስንት ጊዜ?»

«ሦስት ነበር። ከመጋቢት ወዲህ አምስት።»

«በምን ማንኪያ?»

ዓሊዩ የማንኪያውን መጠን በመዳፉ አሳየው። መኮንን ቀንዱን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ከበርጩማው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ መድኃኒቱን ማን እንደነገረው ጠየቀ፤ አቶ ዓባይ እኔ ነኝ አሉ። መቼ እንደጠጡት ጠየቃቸው፤ በሁዳዴ አሉት። ሙሚና የተሻላት በየትኛው ወር እንደነበረ ጠየቀ፤ በረመዳን አለው ዓሊዩ።

«ሁለታችሁም በጾም» አለ ድሬሰሩ። «ምግብ ሲቀንስ ስኳሩም ይቀንሳል። ሙጫው ይጠቅም ይሆናል፤ ላይጠቅምም ይችላል። እኔ አላውቅም፤ የሚያውቅ ሰውም አላጋጠመኝም። ማሩን ግን አውቀዋለሁ።»

ዓሊዩ ከግድግዳው ሥር ቁጢጥ አለ። አቶ ዓባይ በዚያ ሁሉ ውፍረታቸው ከጎኑ መሬት ላይ ተቀመጡ። ማንም ማንንም አልወቀሰም። ቢወቅሱ ይቀል ነበር።

በማግስቱ የጫት ጭነት ይዞ ወደ ሚኤሶ በሚወርድ የጭነት መኪና ላይ ሙሚናን አስተኝተው ባቡር ጣቢያ አደረሷት። ሚኤሶ ቆላ ነው፤ ከአሰበ ተፈሪ ዝናብ የወጣ ሰው እዚያ ሲደርስ ፊቱን በእሳት የተመታ ይመስለዋል። ባቡሩ ዘግይቷል ተባለ። ዓሊዩ ከግራሩ ጥላ ሥር ቁርበት አንጥፎ አጋደማት፤ ፊቷንም በነጠላዋ ጫፍ ያራግብላት ጀመር።

«ሙሚና» አላት በመጨረሻ። «እግርሽን የበላሁት እኔ ነኝ። ማሩ ነው። መስመሩንም እኔ ነኝ የገፋሁት።»

ሙሚና ዓይኗን አልከፈተችም።

«አውቃለሁ» አለችው።

«መቼ አወቅሽ?»

«ከዒድ ሳምንት ጀምሮ። ያን ማር በዋጥኩ ቁጥር ጥማቱ ተከትሎት ይመጣ ነበር፤ እንስራው ይመሰክራል። መስመሩንም አይቼዋለሁ። እግሬ ባይሰማው ዓይኔ አልታወረም።»

ዓሊዩ እጁ ነጠላውን እንደያዘ ቆመ። ለምን ዝም እንዳለች ጠየቃት።

«አባ ኩብራ፣ ቀፎህን እያፈረስክ ነበር» አለችው። «ፊትህ አብጦ፣ ዓይንህ ጠፍቶ፣ በእጅህ ያቺን ማንኪያ ይዘህ ትገባለህ። ሰው ቤቱን አፍርሶ ሲያጎርስህ አይጥምም ትላለህ? ዛሬ ልንገረው እላለሁ፤ ሌላ ቀፎ ባዶ ሆኖብህ ታድራለህ። ነገ ልንገረው እላለሁ። እኔም እንዳንተ መስመሩን እየገፋሁት ነበር።»

ዓይኗን ከፍታ ከሐዲዱ ማዶ አንድ ግመል ነጂ ሲያልፍ አየች።

«ከሙጫው የቀረ አለ?»

ከወገቡ ፈትቶ በጨርቅ የቋጠረውን አወጣ። የጨቅላ ጡጫ የሚያህል ጥቁር ድቡልቡል ነው፤ ከአሥራ አንድ ቀፎ የቀረው ያ ብቻ ነበር። በቆላው ሙቀት ለስልሶ ጨርቁ ላይ ተጣብቋል።

«ያለ ማር ስጠኝ» አለችው።

የባቄላ ፍሬ ያህል ቆርሶ አጎረሳት። ሙሚና አኘከችው። ፊቷ ጭምድድ አለ፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ሆኖም አልተፋችውም።

«ይሄ መራራ ነው» አለች። «ከመጀመሪያውም እንዲህ መምረር ነበረበት።» ትንሽ ቆይታም፣ «መሐላህን ሦስት ቀን ጾመህ ታካክሰዋለህ። እግሩን ተወው። እኔ ትቼዋለሁ» አለችው።

ባቡሩ ሲመጣ ጢሱ ከሩቅ ታየ። ዓሊዩ ሚስቱን እንደ ሕፃን አቅፎ ተነሣ። ከሚገባው በላይ ቀልላ እንደነበረች ያስተዋለው ያን ጊዜ ነው።

እግሯ ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ። ሁለት ወር ተኝታ፣ በሐምሌ አጋማሽ ምርኩዝ ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ዓሊዩ ስለ መሐላው ሦስት ቀን ጾመ። አቶ ዓባይ ሊጠይቁ መጥተው ከበሩ መግባት አቃታቸው፤ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያሽከረከሩ ደጅ ቆሙ። ሙሚና ከውስጥ ጠራቻቸው። አረቄውን ትተው ማሩን የመረጡልን ለሃይማኖታችን ብለው ነው፣ ይህን አልረሳም አለቻቸው። ሽማግሌው ተቀምጠው አለቀሱ። የእርሳቸውም ሽንት ከክረምቱ ወዲህ እንደገና መቅላቱን፣ ሙጫው የተዘፈዘፈበት የአረቄ ጠርሙስ ገና ግማሽ መሆኑን፣ ይጠጡት ወይም ያፍስሱት እንዳላወቁ ተናገሩ።

በመስከረም ከአሥራ አራቱ ቀፎዎች ንብ የቀረበት አንዱ ብቻ ነበር፤ ከቤቱ ኋላ ከጥዱ ላይ የተሰቀለው። ዓሊዩ የቀረውን ሙጫ ከጨርቁ ፈታና ፀሐይ በሚመታው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፣ ከዛፉ ፊት ለፊት አኖረው። ሁለት ቀን ማንም አልነካውም። በሦስተኛው ቀን፣ ሙቀቱ ሲያለሰልሰው፣ አንዲት ንብ አረፈችበት፤ በአፏ ጎትታ ጎትታ ክር የሚያህል በጠሰች፣ በኋለኛ እግሮቿ ላይ ለጠፈችና ወደ ቀፎው በረረች። ሌላዋ ተከተለች። ዓሊዩ ወደ ቤት ገባ።

የቀትር ሶላት ደርሶ ነበር። ሙሚና በርጩማው ላይ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች። ለሶላት ከሚታጠቡበት ጀበና ውሃ ያፈስላት ጀመር። አሁን ለእግሯ የቀድሞው ግማሽ ውሃ ይበቃታል። ቀኝ እግሯን በመዳፉ ይዞ ተረከዙን፣ ከዚያም በጣቶቿ መካከል ያለውን አንድ በአንድ እየገለጠ አየ፤ በየቀኑ አምስት ጊዜ ያየዋል። የእርሳሱ ቁራጭ ዛሬም ከግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ አለ። መስመር ግን አያሰምርም።